ከደረጃው ሥር ያለው ልጅና ያበጠው ባትሪዬ

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከቨሩን ነበር። ኅዳር 2017 ላይ ነው፤ ስልኬ መኪናው መስተዋት ላይ ካለው መያዣ አልገባ አለኝ። ገፋሁት፣ ከቨሩን አወለቅሁ፣ መልሼ ገፋሁት። በግድ አስገብቼው መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ከቦሌ የጫንኳት ልጅ «ጋሼ ይቅርታ፣ የስልክዎ ጀርባ ተከፍቷል» አለችኝ። እውነትም በጎኑ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ማታ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ቆሞ አልረጋ አለ፤ እንደ ሕፃን እሽሩሩ ወዲያ ወዲህ ይላል። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ከውስጥ እየገፋው ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ባለቤቴ ስልክ ካላወራሁ ነገሩ አይገባም።

ነሐሴ 2014 ላይ ሁለታችን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ስልክ ገዛን። ሁለቱም ባለ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ናቸው። የኔ ጥቁር፣ የሷ ሰማያዊ፤ ልዩነቱ ይኼው ነው። እኔ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ፣ እሷ አስተማሪ ናት። የኔ ስልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ፣ ካርታው እንደበራ፣ የስክሪኑ ብርሃን እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ቻርጀሩ ሳይነቀል ይውላል። ማታ ደግሞ አልጋዬ አጠገብ ተሰክቶ ያድራል። መብራት ከሄደ ነገ ሥራ የለም የሚል ስጋት አለብኝ። ይህን ስጋት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እሱ ጄኔሬተር ያለው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስልኬ ከ90 በመቶ በታች የወረደባቸውን ቀኖች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ፤ ይህንንም እንደ ጥሩ አያያዝ እቆጥረው ነበር።

የባለቤቴ ስልክ ዕድሉ ሌላ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ከሥራ ስትመለስ ስልኩን ትሰካዋለች፤ ስቶቩ ሲፈለግ ስልኩ ይነቀላል። ወጡ ሲወርድ መልሶ ይሰካል፤ ቡና ሊፈላ ሲሆን እንደገና ይነቀላል። አርባ ላይ ይሰካል፣ ስልሳ ላይ ይነቀላል፤ ስልሳ ላይ ይሰካል፣ ሰባ አምስት ላይ ይነቀላል። መቶ ሲሞላ አይቼው አላውቅም። «ስልክ እንዲህ ሲሰካ ሲነቀል ይበላሻል» እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ መሰላችሁ።

ያበጠው የኔ ነው። የሷ ዛሬም ድረስ ጀርባው እንደ መስተዋት ቀጥ ያለ ነው።

ስልኬ ሲያብጥ ሁለቱም ላይ የባትሪ መጠን የሚገምት አፕ ጫንኩ። አፑ ወደ ባትሪው የገባውን ኃይል ቆጥሮ ስንት እንደሚይዝ ያሰላል፤ ግምት ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ቻርጅ ካልተደረገ አይታመንም። የኔ 3,050 አካባቢ ረጋ፣ የሷ 4,450። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ የኖሩ መንትዮች ናቸው እንግዲህ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ፣ መብራቱ የሚያንጸባርቅ፣ ሁለት አስተናጋጅ ወዳለው ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ 1,400 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ባትሪው ላይ «6,000» ተጽፎበታል፤ «ጋሼ፣ ከድሮው ይበልጣል» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቤን አድን ነበር፤ ስፋቱም ውፍረቱም ያው የሆነ ባትሪ ተጨማሪውን 1,000 የት ነው የሚይዘው? ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍ ርካሽ ነው። በአራተኛው ወር ስልኬ 30 በመቶ ላይ ድርግም ብሎ መጥፋት ጀመረ፤ ተሳፋሪ ይዤ፣ ካርታ እያየሁ፣ ከሰሚት ወደ አያት መሐል መንገድ ላይ። ተመልሼ ስሄድ ዋስትናው ሦስት ወር ነበር አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ቆጥረውታል።

ከደረጃው ሥር ያለውን ልጅ የነገረኝ ሌላ ሹፌር ነው። መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቦታ አለችው። ሰሌዳ የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያ መነጽር፣ የሚሞቅ ጠፍጣፋ ነገር፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች፣ እግሩ ሥር ደግሞ አሸዋ የተሞላ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። የቆርቆሮው ነገር ገርሞኝ ነበር፤ በኋላ ገባኝ።

ስልኬን ሳልሰጠው በፊት ጥያቄ ጀመረ። «ጋሼ፣ ሹፌር ነዎት አይደል?» ነኝ አልኩት። «መስተዋት ላይ ነው የሚያስቀምጡት?» አዎ። «ቀን ሙሉ ተሰክቶ?» አዎ። «ማታስ?» ማታም። ስልኩን አገላብጦ አየውና ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። «በሳምንት ሦስት አራት እንዲህ ያለ ከሹፌሮች ይመጣልኛል» አለኝ። የመጀመሪያው ባትሪ ካበጠ በኋላ ሦስት ቀን እንደነዳሁበት ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ያበጠ ባትሪ አይጫንም፣ አይበሳም፣ ቻርጅ አይደረግም፤ ስልኩ ይጠፋል፣ ባትሪው ይወጣል፣ አለቀ። ቆርቆሮው ለዚህ ነው፤ ያወጣቸውን ያበጡ ባትሪዎች አሸዋ ውስጥ ይቀብራቸዋል።

ከዚያ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር አደረገ። ከመሳቢያው የወርቅ ቤት ሚዛን የምታክል ትንሽ ሚዛን አወጣ። ያ «6,000» የተጻፈበትን ባትሪ አውጥቶ አስቀመጠበት፤ 47 ግራም። እሱ የሚሸጠውንና 5,000 የሚለውን አስቀመጠ፤ 68 ግራም። «ኃይል ክብደት አለው ጋሼ» አለኝ። እኔም ቤት ገብቼ በእስክሪብቶ አሰላሁት። 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት በ3.85 ቮልት ሲባዛ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይመጣል። የዛሬ የስልክ ባትሪ ያንን ያህል ለመያዝ ወደ ሰባ ግራም መጠጋት አለበት። በ47 ግራም ውስጥ 6,000 የሚከት ሰው ካለ ኖቤል ይገባዋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጣቸው ሦስቱ የሊቲየም ባትሪ ሳይንቲስቶች፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ እንዲህ ያለ ተአምር አልሠሩም።

የኔ ነገር ለምን እንዳበጠ ልጁ ያስረዳኝ በባትሪ ቋንቋ ነበር። እኔ ወደ ታክሲ ቋንቋ ልመልሰው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ተነሥተው ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ግራፋይቱ፣ ይሳፈራሉ፤ ስልኩን ስንጠቀም ይመለሳሉ። ባዶ ሚኒባስ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሮጠው ገብተው ይቀመጣሉ። ከ80 በመቶ ወዲያ ያለው ግን ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚልበት ሰዓት ነው። ስልክ እስከ ሰማንያ ድረስ ፈጥኖ ሄዶ የመጨረሻዋ ሃያ ላይ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው፤ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ክፍል ራሱ ጉልበቱን እየቀነሰ ይመጣል። ሲሞላ የባትሪው ቮልቴጅ በዛሬዎቹ ስልኮች ወደ 4.4 ይጠጋል፤ ግማሽ ላይ ሲሆን 3.8 ገደማ ነው። በዚያ ጫና ላይ ብዙ ሲቆይ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ሲበላሽ ጋዝ ያወጣል። ክዳኔን የገፋው ያ ጋዝ ነው።

አሁን ያንን ጠቅጥቆ የጫነ ሚኒባስ መስኮቱን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ አቁሙት። የኔ ስልክ ሁለት ዓመት የኖረው እንደዚያ ነው። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ መልካም ነው፤ ቀዝቃዛም ሞቃትም አይባልም። መስተዋት ሥር ያለ ጥቁር ስልክ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አይኖርም፤ ቀትር ላይ የራሱ አፋር ውስጥ ነው። አፕል ለስልኮቹ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ ነው፤ ከ35 በላይ ሲሆን ባትሪው የሚያጣው አቅም አይመለስም ይላል። ልጁ ስልኬን ሲቀበለኝ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኼ አርባ አምስት ይሆናል» ብሎኛል፤ ከመኪና ወርጄ አሥር ደቂቃ ሆኖኝ ነበር።

የባለቤቴ ስልክ ደግሞ ሚኒባሱ ሁልጊዜ ግማሽ ጎዶሎ ነው፤ የሚወርድ ይወርዳል፣ የሚሳፈር ይሳፈራል፣ የሚገፋፋ የለም። በቀን አራት ጊዜ መሰካቷ ሒሳቡን አላበዛውም። ከ40 እስከ 60 አንድ ጊዜ፣ ከ60 እስከ 75 ሌላ ጊዜ፤ እነዚህ ተደምረው መቶ ሲሞሉ ነው አንድ ዑደት የሚባለው። ብዙ ሰው «ባትሪ ዕድሜው 500 ቻርጅ ነው» ሲባል 500 ጊዜ መሰካት ይመስለዋል። አይደለም። አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ላሉት ስልኮች ከ500 ሙሉ ዑደት በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ ነው የነደፍናቸው ሲል፣ ለአይፎን 15 ደግሞ 1,000 ሲል፣ የሚቆጥረው ይህንን የተደመረውን ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለገበያ የሚወጣ ስልክ ባትሪው ከ800 ዑደት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ መያዝ አለበት የሚል ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። የኔ ስልክ በዑደት ቢቆጠር ከሷ ያንስ ይሆናል እንጂ አይበልጥም ነበር። የገደለው ሥራ አይደለም፤ ጥጋብና ሙቀት ነው።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

አማቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «አዲስ ስልክ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አይከፈትም፣ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ አይሰካም» ይላሉ። ሰውዬው አልዋሹም፤ ዘመኑ ነው ያለፈባቸው። ምክሩ የመጣው ከኒኬል ባትሪ ነው። ኖኪያ 3310 ሲወጣ ይዞት የመጣው እንዲህ ያለ ኒኬል ያለበት ባትሪ ነበር። ሊቲየም ግን ሙጥጥ ማለትን አይወድም። በየቀኑ ዜሮ ድረስ ማውረድ መቶ ላይ ከማሳደር ቀጥሎ ያለው መጥፎ ልማድ ነው። አማቴን ግን አላርማቸውም፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ባትሪው በሳምንት አንዴ ነው የሚሞላው፣ ከኛ ሁሉ ይቆያሉ።

ሥራውን ልጁ እንዴት እንደሠራው ልናገር። ስልኩን ሙቅ ጠፍጣፋው ላይ አስተኝቶ ሙጫው እስኪላላ ጠበቀ። ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ ዙሪያውን ከፈተ። መጀመሪያ ያደረገው የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ መንቀል ነው፤ ያኛው ቤት ይህን ማድረጋቸውን አላየሁም፤ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር የሚሠሩት። እዚህ መጋረጃ የለም፤ ቦታም የለም። ባትሪውን በብረት አልፈለቀቀም፤ ሙጫው ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ በፕላስቲክ እየሳበ አወጣው። አዲሱን ከማጣበቁ በፊት ገመዱን ብቻ ሰክቶ ስልኩን አስነሣና ቻርጅ መቀበሉን አሳየኝ። ዋጋው 3,200 ብር ነበር። ተከራክሬ 200 ቀንሶልኛል።

እንከኑንም ልናገር። «አንድ ሰዓት» ብሎኝ ሦስት ሰዓት ከሩብ ቆየሁ፤ ወረፋ የያዙ ሁለት ሰዎች እያሉ መሐል ላይ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ሊያይ ወጣ። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ዋስትናውን የሚጽፈው ባዶ የሲም ካርድ ማሸጊያ ላይ ነው። ወንበር የለም። የክዳኑ አንድ ጥግ እስከ ዛሬ ድረስ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ሙጫው በደንብ አልያዘውም። ውኃ ይከላከላል የተባለው ነገር ከእንግዲህ እንደማይሠራ ግን አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ያኛው ቤት ይህን አልነገረኝም ነበር። ስልካችሁ ሁለቴ ተከፍቶ ከሆነ ዝናብ ላይ አታውጡት።

ልጁ ባትሪውን ከቀየረልኝ ከሚያዝያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። አፑ አሁን የሚያሳየኝ 4,720 አካባቢ ነው። ያደረግሁት ለውጥ ብዙ አይደለም። መያዣውን ከመስተዋቱ አውርጄ የመኪናው የአየር መውጫ (ቬንት) ላይ አደረግሁት፤ በ150 ብር የተገዛች መያዣ ናት፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እሷ ትመስለኛለች። ንፋሱ ከኋላው ይነፍስበታል፤ ፀሐዩም አያገኘውም። ከቨሩን ሥራ ላይ አወልቃለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪው በ85 ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ቦታ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር፣ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ሳምሰንግ መጀመሪያ በ85 ያቆም የነበረውን በኋላ ወደ 80 አውርዶት ነበር፤ አይፎንም ከ15 ጀምሮ በ80 የሚያቆም ምርጫ አለው። ስልካችሁ ላይ ካለ ክፈቱት፤ ከሌለ እንደ ባለቤቴ ወጥ ሥሩበት።

የመብራቱ ስጋትስ? እሱን ለፓወር ባንክ አስረከብኩት። ፓወር ባንኩ ሙሉ ሆኖ ይደር፤ ቢሞትም ርካሽ ነው፤ ስልኬ ግን ማታ 60 ላይ ሆኖ ይተኛል። ፈጣን ቻርጀርን በተመለከተ ብዙ ሹፌር እንደ መርዝ ያየዋል። እኔ አሁን አልፈራውም፤ ምሳ ሰዓት ጥላ ሥር ቆሜ፣ ካርታው ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት እሰካዋለሁ። ፍጥነቱ ሙቀት ካላመጣ ጉዳቱ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ካርታ እያየሁ፣ ፀሐይ ላይ፣ በፈጣን ቻርጀር ግን ከእንግዲህ አላደርገውም።

መቶ መሙላት ኃጢአት ነው ብላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። አዳማ የሚሄድ ሰው ስጭን ጠዋት ገደቡን አነሣና መቶ አደርገዋለሁ፤ ሞልቶ ወዲያው ሥራ ከጀመረ ችግር የለውም። ባለፈው ሰኔ አንድ ቤተሰብ አዋሽ ይዤ ሄጄ ነበር። መተሐራን ካለፍን በኋላ ስልኬ «ሙቀቱ ስለጨመረ ቻርጅ ማድረግ ቆሟል» የሚል ጽሑፍ አወጣብኝ። ድሮ ቢሆን ነቅዬ እሰካው ነበር፣ አንድ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ገመዱን እረግም ነበር። አሁን ኤሲውን ከፍ አድርጌ ዝም አልኩት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ጀመረ።

ልጁን የምትፈልጉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትሂዱ፤ አይከፍትም። እሑድና በዓል ደግሞ ጭራሽ የለም። መገናኛ ወርዳችሁ የሞባይል ዕቃ ሻጮቹን «ሚዛን ያለው ልጅ የት ነው?» በሏቸው፤ በዚያ ነው የሚያውቁት። የናንተን ባትሪ ሚዛኑ ላይ እንዲያስቀምጠው ሳታፍሩ ጠይቁት፤ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።